የእንግዳ መታወቂያ

ሬዲዮው ስድስት ጊዜ «ጢጥ» ሲል በየሰዓቱ፣
ድምፁን ከፍ አድርጌ እነዳለሁ፣ ሽቅብ ወደ ምክር ቤቱ።
ተሳፋሪው ዝም ይላል፤ ይህ የአገሩ ልማድ ነው፣
ክፉም ይሁን ደግ ቀን ከዚያች «ጢጥ» ነው የሚለየው።
ከዚያ ያንቺ ድምፅ ይመጣል፤ ቀስ ያለ፣ ጥቂት የሻከረ፣
ማን ምን እንዳለ ሳይሆን፣ ማን ምን ሳይል እንዳደረ።
እህቴ ናት አልልም። መሪዬን ይዤ እሰማለሁ፣
ከኋላ ሲሰድቡሽም በመስተዋቱ አያለሁ።

እናታችን ስትወልድሽ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፣
«ይቺም የኔ እንግዳ» ብላ፣ በዚያው ስምሽ ሆኖ ሊቀር።
አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገቢ መምህሯ ሌላ ስም ሰጠች፣
ኢላና፤ ዛፍ ማለት ነው፤ «ለምላስ ትቀላለች»።
ሰባት ዓመት ዛፍ ሆንሽ።
የመጀመሪያው ጽሑፍሽ ሲታተም ግን፣ ከርዕሱ በታች፣
በደቃቅ ፊደል፣ ዛፏ ወድቃ፣ እንግዳዬ ነበረች።

ክኔሴት በር ላይ ዘበኛው «ጋዜጠኛ?» ብሎ ሳቀ፣
ካሜራ ያዡን አሳልፎ ያንቺን ቦርሳ አጠበቀ፣
«እንግዳ» የሚል መታወቂያ ባንገትሽ አንጠለጠለ።
ማታ ስትነግሪኝ ሳቅሽ፦ «እሱስ ስሜን አልሳተም፣
‹ዬ›ን ብቻ ነው የገደፈ፤ እሷን ደግሞ አልሰጠውም።»

ሚኒስትሩን ስለ ቤቶቹ በጀት ጠየቅሽው፣ ቁጥሩን ይዘሽ፣
እሱ ግን ፈገግ አለና፦ «እንዴት ያምራል ዕብራይስጥሽ!»
ደገምሽ። «እናትሽ ኮርታብሽ ይሆናል» አለ።
ሠለስሽ። ውሃ ጠጣ፤ ረዳቱን አየ፤ ቸኮለ።
አራተኛውን ለባዶ ወንበሩ ጠየቅሽ፣
የወንበሩን ዝምታም በሰከንድ ቆጥረሽ አቀረብሽ።

አለቃሽ «የወገንሽን ጻፊ፤ ሰርግና በዓሉን» አለ፤
«ወገኔ ግብር የከፈለ ሁሉ ነው» አልሽው፤ ኮሶ የጠጣ መሰለ።
ልጆቻችን አደባባይ ወጥተው በፈረስ የተበተኑ ለት ደግሞ፣
«አንቺማ ወገንተኛ ነሽ» ብሎ ሌላ ሰው ላከ ቀድሞ።
ሳትላኪ ሄድሽ። ባንድ እግር ጫማ ተመለስሽ።

ይህን ሁሉ ለማንም፣ ለማላውቀው እንኳ አወራለሁ፤
የሚከተለውን ግን ገና ዛሬ እናገራለሁ።

የኛው ሰው ነበር። ለአረጋውያን ቤት የተዋጣ ብር፣
ሼቄሉ ሲቆጠር ጎደለ፤ ሰነዱ እጅሽ ላይ ነበር።
ሽማግሌዎቹ ቂርያት ማላኪ፣ ቤታችን መጥተው ተቀመጡ፣
ጃንጥላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣ ቃል ሳያወጡ።
ኋላ አንዱ፦ «ልጄ፣ ገመና ባዕድ ፊት አይገለጥም፤
በቤት ይመከራል።»
«የተዘረፉትም እናቶች የቤት ናቸው» አልሽ፤ ሌላ አልጨመርሽም።

በነጋታው ተነገረ። ሰላምታ ከሰፈራችን ጠፋ።
አባታችን ሲሞት፣ ከዝናቡ ወራት በኋላ፣
የለቅሶው ድንኳን ሰፋ።

እኔስ? እኔ ወንድምሽ፣ መሪ የያዝኩት፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጢጥ» ሳይል ሬዲዮውን ያጠፋሁት፣
ተሳፋሪው «ዜና!» ሲለኝ «ተበላሽቷል» ያልኩት?
አላወቅሽም ይሆናል፤ ወይ አውቀሽ ዝም አልሽ፤
አገር ምድሩን ስትጠይቂ፣ ለኔ ብቻ ጥያቄ ነፈግሽ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሽ፤ ቋሚ መታወቂያሽን መለስሽ።
የቀሩ መጻሕፍትሽን ልትወስጂ በሳምንቱ ስትሄጂ፣
የበሩ ልጅ አዲስ ነው፣ አያውቅሽም፣
«እንግዳ» የሚለውን ሰጠሽ።
ሲወጡ ይመለሳል፤
አንቺ አልመለስሽም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከኋላዬ ትቀመጫለሽ፣
ሽንኩርትሽን በፌስታል፣ ጉልበትሽ ላይ ይዘሽ።
«ጢጥ» ሲል ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።
አዲሷ ልጅ ትጠይቃለች፤ ሚኒስትሩ ይመልሳል፤
በመስተዋቱ አይሻለሁ፤ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፣ ልጅቷ ያለፈችውን።
መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከኋላ ጥሩምባ ይነፉብኛል፤
ይንፉ፣
እየሰማሁ ነው።